አዲስ ሰንሰለት ለምን ይዘላል? ብስክሌታቸውን ቤታቸው መጠገን ለፈለጉ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ከሰው የገዛሁት ባለ 26 ቁጥር፣ ባለ ማርሽ የተራራ ብስክሌት አለኝ። የኋላ ጎማው በየሳምንቱ ይተነፍሳል፤ ይለጠፋል፣ ተመልሶ ይተነፍሳል። ሰንሰለቱ ዳገት ላይ እየዘለለ ሲያስቸግረኝ አዲስ አስገባሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። የፊት ፍሬኑም ሲያዝ ይጮኻል። የልጄ ትንሽ ብስክሌት ደግሞ የግራ ፔዳሉ ባጠበቅሁት ቁጥር ይወልቃል። ጠጋኝ ደጅ መቆም ስለሰለቸኝ ቤቴ ውስጥ ራሴ መጠገን መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ?»

ምላሽ፦ መሣሪያ መግዛቱን ለጊዜው ያቆዩት። የዘረዘሯቸው አራት ብልሽቶች ሁሉም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ የተጠገነው የታየው ጉዳት እንጂ ያመጣው ምክንያት አይደለም። ቀዳዳው ተለጠፈ፣ የበሳው ነገር ግን አልተፈለገም። ሰንሰለቱ ተቀየረ፣ ያረጀው ምን እንደሆነ ግን አልተለካም። በእኔ ሥራ ለጀማሪ የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር መፍቻ አያያዝ አይደለም፤ ሳይፈቱ መመርመርን ነው። ብስክሌት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ አካሉ ሁሉ ከውጭ የሚታይ፣ የሚነካና የሚሰማ በመሆኑ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ዓይንና ጣት ይበቃሉ።

በጎማው እንጀምር፤ አብዛኛው የቤት ጥገና እርሱ ነውና። ከመነዳሪውን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቫልቮላው ከውጭው ጎማ በየትኛው ጽሑፍ አጠገብ እንደሚገኝ ይመልከቱ፤ የትኛው ጎን በሰንሰለቱ በኩል እንደነበረም አይርሱ። እኔ ጎማ ስገጥም የፋብሪካው ስም ሁልጊዜ ከቫልቮላው ትይዩ እንዲውል አደርጋለሁ። ለውበት አይደለም። ከመነዳሪው ሲበሳ ቀዳዳው ከቫልቮላው ምን ያህል እንደሚርቅ አይና ያንኑ ርቀት በውጭው ጎማ ላይ እለካለሁ፤ የበሳው ነገር የተሰካበትን ቦታ ያለ ብዙ ፍለጋ አገኘዋለሁ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከመነዳሪውን ከወትሮው ውፍረቱ እጥፍ እስኪሆን ይንፉትና ቀስ እያደረጉ በጉንጭዎ አጠገብ ያሳልፉት። ከጣት ይልቅ የፊት ቆዳ ትንሽ ነፋስ ይሰማዋል። ካልተገኘ በሣህን ውኃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ይፈልጉ። ሲያገኙት ማስቲሽ ለማንሳት አይቸኩሉ፤ ቀዳዳው በየት በኩል እንዳለ መጀመሪያ ይዩ። ምክንያቱን የሚናገረው የቀዳዳው ቦታ ነው።

ቀዳዳው ወደ መሬት በሚዞረው በኩል ከሆነ ከመንገድ የመጣ ነገር ወግቶታል። በእርስዎ አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የግራር እሾህ ነው። የዚህ እሾህ ክፋቱ ከጎማው ላስቲክ ውስጥ ተሰብሮ መቅረቱ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለም፤ ከውስጥም ጫፉ ብቅ የሚለው ሰው ሲቀመጥበትና ጎማው ሲጫን ነው። ስለዚህ የተለጠፈው ከመነዳሪ ጠጋኙ ዘንድ ደኅና ሆኖ ይወጣና ቤት ሳይደርሱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይተነፍሳል። በየሳምንቱ የሚተነፍሰው ጎማዎ ታሪክ ይኸው ይመስለኛል። ቁራጭ ጥጥ ይያዙና የውጭውን ጎማ የውስጥ ገጽ ዙሪያውን ይዳስሱበት፤ ስለቱ ካለ የጥጡን ክር ይዞ ያስቀረዋል። በባዶ ጣት አይሞክሩት፣ ስባሪ ጠርሙስም ሊኖር ይችላል። ያገኙትን በፒንሳ ይንቀሉት፤ ጫፉ ካልተያዘ ጎማውን ወደ ውጭ ቆልመም አድርገው በመርፌ ይግፉት።

ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ማለትም ወደ መሐል በሚዞረው ገጽ ላይ ከሆነ ግን መንገዱን አይውቀሱ። የቸርኬውን የሽቦ ራሶች የሚሸፍነው ቀጭን ላስቲክ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል፤ አለበለዚያ አንዱ ሽቦ ረዝሞ ወደ ውስጥ ወጥቷል። የወጣውን በሞረድ ያስተካክሉና ላስቲኩን ወደ ቦታው ይመልሱ። ላስቲኩ ካለቀ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ላይ ቀጭን ቅዳጅ ቆርጦ ዙሪያውን ማልበስ ለተራራ ብስክሌት ይበቃል። ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች ጎን ለጎን ካዩ ምንም የወጋው ነገር የለም፤ አየሩ አንሶ ሳለ ጎማው የኮብልስቶን ጠርዝ መትቶ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጧል። መድኃኒቱ አየር መጨመር ነው። ቫልቮላው ሥር ከተቀደደ ደግሞ አይለጠፍም፤ አዲስ ይግዙ።

ከአሮጌው ልጣፊ ጠርዝ የሚወጣ አየር ሌላ ነገር ይነግርዎታል፦ አለጣጠፉ ተቻኩሏል። ጠጋኙ ወረፋ ስለሚጠብቀው መቸኮሉን እረዳለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን ማን ያስቸኩልዎታል? ቦታውን ከልጣፊው ስፋት በለጥ አድርገው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። በከመነዳሪው ላይ የሚሄደው ከፍ ያለ መስመር በዚያ የሚያልፍ ከሆነ እስኪጠፋ ድረስ ይጥረጉት፤ አየር በእርሱ ሥር ሾልኮ ይወጣልና። ከዚያ በጣትዎ አይንኩት። ማስቲሹን በስሱ፣ ከልጣፊው ትንሽ ሰፋ አድርገው ይቀቡና ይቆዩ። ሲቀባ ያብረቀርቃል፤ ለመለጠፍ የሚደርሰው ብልጭታው ጠፍቶ ሲደበዝዝ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተጫነ ልጣፊ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ከጠርዙ ይከፈታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው። ልጣፊውን ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ በኃይል ይጫኑት። የተረፈው ማስቲሽ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ ትንሽ የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱበት።

ጎማ ሲያወልቁ ካቻቢቴ አይጠቀሙ፤ የሚበሱት ቀዳዳ ከሚደፍኑት ይበልጣል። የቸርኬው መሐል ከዳሩ ጎድጎድ ያለ ነው። ከቫልቮላው ተቃራኒ በኩል ይጀምሩና የጎማውን ጠርዝ በሁለት እጅዎ ወደዚያ ጎድጓዳ እየገፉ ይሂዱ፤ በሌላው በኩል ላላ ይልና ብዙውን ጊዜ በአውራ ጣት ብቻ ይወጣል። ሲመልሱም በተቃራኒው በኩል ጀምረው ቫልቮላው ዘንድ ይጨርሱ። ከመነዳሪውን ከማስገባትዎ በፊት ቅርጹን እንዲይዝ ጥቂት አየር ይስጡት። ሙሉ በሙሉ ከመንፋትዎ በፊትም ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል እንዳልተያዘ ዙሪያውን ጎማውን ከፈት እያደረጉ ይዩ።

የአየሩ ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ለተራራ ብስክሌት ጎማ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚል ነው፤ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ኮብልስቶን ላይ ከ40 እስከ 50 ይስማማል፣ ኋላው ከፊቱ ትንሽ ይብለጥ። ጎሚስታ ዘንድ በመኪና መንፊያ ሲያስነፉ ግን አጠገቡ ቆመው ይከታተሉ። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ያ መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያሳልፈዋል።

የውጭው ጎማ ካረጀና አዲስ መግዛት ካለብዎ «26 ቁጥር» ብለው ብቻ አይጠይቁ። 26 ተብለው የሚሸጡ ግን እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ጎማዎች አሉ። የተራራ ብስክሌት ቸርኬ የጎማው ጠርዝ በሚያርፍበት ዲያሜትሩ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 በ1 3/8 የተባለው የቆየ ዓይነት ደግሞ 590 ነው። በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ እንደ 50-559 ያለ ቁጥር ያገኛሉ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ይህ ሊለያይ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን አንድ ካልሆነ ገንዘብዎን አይክፈሉ።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት ብንልም የቤዛዊት ዳገት ለሰንሰለት ምሕረት የለውም፤ መርገጫው ሲከብድ ያረጀው ሁሉ ይገለጣል። የብስክሌት ሰንሰለት ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው ልኩ ግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ 24 ግማሽ ኢንቾች፣ ማለት 12 ኢንች፣ በማስመሪያ ሊለኩት ይችላሉ። የማስመሪያውን ዜሮ ከአንዱ ፒን መሐል ያኑሩ፤ 24ኛው ፒን ከ12ኛው ኢንች ላይ ቢውል ሰንሰለቱ ደኅና ነው። በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። አንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈ ግን ዘግይተዋል፤ ጥርሶቹም (ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የኋላ ጥርሳም ክቦች) አብረው ሄደዋል። ሰንሰለቱ «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም፤ ፒኖቹና መዞሪያዎቻቸው ተፋግተው ስለሳሱ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ጥቂት ክፍተት ተፈጥሮ ነው።

የእርስዎ ግራ መጋባት መፍትሔም እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ሰንሰለት ጥርሶቹን በራሱ በረዘመው ልክ እየበላ ያጎደጉዳቸዋል። አሮጌው ሰንሰለትና አሮጌው ጥርስ፣ ዳገት ላይ ቢያስቸግሩም፣ ተስማምተው ይኖራሉ። አዲሱ ሰንሰለት ልኩ ትክክል ስለሆነ ከተበላው ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ ሲረገጥ ጥርሱ ላይ ይወጣና ይዘላል። የገዙት ሰንሰለት የተበላሸ እንዳይመስልዎት። ነገር ግን ጥርሱን ከመግዛትዎ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች ያስወግዱ፤ ሁለቱ ምንም ወጪ የላቸውም። በሁሉም ማርሽ ላይ፣ ልክ በተመሳሳይ ርቀት እየጠበቀ የሚዘል ከሆነ ሰንሰለቱ ሲገጠም የተያያዘበት ቦታ ጠንክሯል። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ የኋላውን ትንሽ መዘውር ሲያልፍ የሚንፈራገጠውን መገጣጠሚያ ይፈልጉና በሁለት እጅ ወደ ጎን ጎንበስ ቀና አድርገው ያላሉት። ሳይረገጥም በሁለት ጥርሶች መካከል እየተንኳኳ የሚዋልል ከሆነ ችግሩ ማርሽ ለዋጩን የሚስበው ሽቦ ነው። ሽቦው ከማርሽ ለዋጩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በእጅ የሚዞር ትንሽ በርሜል መሰል ነገር አለ። ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት የሚያመነታ ከሆነ ከኋላ ሆነው እያዩ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር ያውጡት፤ ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ ደግሞ በተቃራኒው። በአንድ ወይም በሁለት ጥርሶች ላይ ብቻ፣ በኃይል ሲረገጥ ብቻ የሚዘል ከሆነ ያን ጊዜ ጥርሱ አልቋል። እነዚያም ብዙውን ጊዜ አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው ናቸው።

በማርሽ ለዋጩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አይነካኩ። ጀማሪ ሁሉ እጁ ወደ እነርሱ ይሄዳል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሥራቸው ሰንሰለቱ ከመጨረሻዎቹ ጥርሶች አልፎ እንዳይወጣ መከልከል ብቻ ነው። ወደ ቸርኬው ሽቦዎች የሚሄደውን ወሰን ካላላው ሰው ማርሽ ለዋጩ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ጎማውንም ራሱንም ሲሰብር አይቻለሁ።

የኋላውን የጥርስ ስብስብ መፍታት ለጊዜው የቤት ሥራ አይደለም። ልዩ መፍቻ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ በረገጡ ቁጥር እየጠበቀ ስለሚሄድ ለማላላት ረጅም እጀታ ያስፈልጋል። የጥርሶቹን ብዛት ቆጥረው ተመሳሳዩን ይግዙና ጠጋኙ ያስገባልዎ። ጥርስ ለመግዛት አሁን ካልተመቸዎትና አሮጌውን ሰንሰለት ካልጣሉት፣ እርሱኑ መልሰው ሁለቱም ፈጽመው እስኪያልቁ መንዳት ነውር የለውም። አዲሱ ከአዲሱ ጥርስ ጋር ይጠብቅዎታል።

አዲሱን ሰንሰለት ለማቆየት ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አያሳዩት። ያ ዘይት ከሞተሩ የመጣ ቆሻሻ ይዟል፤ ወፍራምም ስለሆነ የበጋውን አቧራ ሰብስቦ ሰንሰለቱን የሚፈጭ ጭቃ ያደርገዋል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በነጭ ጋዝ ነክረው ይፈግፍጉት (ቤንዚን ቤት ውስጥ አይሞከርም)፣ በጨርቅ ያድርቁት፤ ከዚያ በየመገጣጠሚያው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ። የብስክሌት ዘይት ካጡ የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል፣ ቶሎ ቶሎ ግን መድገም ይጠይቃል። ፔዳሉን ጥቂት ያዙሩና ከላይ የቀረውን ዘይት በጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉት። ዘይት የሚያስፈልገው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚታየው አቧራ ከመጥራት ሌላ ጥቅም የለውም። ክረምት ላይ ዝናብ በመታው ማግስት ይህን መድገም አለብዎ።

ፍሬኑ አጭር ነው። ላስቲኩ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ነው ብዬ ልውሰድ። የሚጮኸው ላስቲኩ መስተዋት ስለመሰለ፣ ቸርኬው ዘይት ስለነካው ወይም ላስቲኩ ከኋላ ጫፉ ቀድሞ ስለሚያርፍ ነው። ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ይሸካክሩት፣ ቸርኬውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። ካልተወው የላስቲኩን ብሎን ላላ አድርገው ከኋላ ጫፉ ሥር የታጠፈ ወረቀት ያስገቡ፤ ፍሬኑን ይዘው ላስቲኩ ቸርኬው ላይ እንደተጫነ ብሎኑን ያጥብቁና ወረቀቱን ያውጡ። ከፊት በኩል ቀድሞ ይነካል፣ ጩኸቱም ያቆማል። በዚያው አጋጣሚ ላስቲኩ ጎማውን እንደማይነካ ያረጋግጡ። የጎማውን ጎን የሚፈጭ ፍሬን አንድ ቀን ጎማውን ያፈነዳዋል። የፍሬኑ ሽቦ አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ ሙሉውን ይቀይሩ፤ ይህ ነገ ይደርሳል የሚባል ሥራ አይደለም።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ በሳጥን ተሞልቶ የሚሸጠውን ርካሽ ስብስብ አይግዙ። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ የብሎኑን ራስ ያሟልጨዋል። ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር፣ መደበኛ መፍቻ 8፣ 10 እና 15፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መለኪያ ያለው ፖምፓ፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ እንዲሁም ኢንች የተጻፈበት ማስመሪያ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። አፉ የሚሰፋና የሚጠብብ መፍቻ ለቸገረው ነው፤ ዳዶ ያከብባል። የሰንሰለት መፍቻ በሁለተኛው ሰንሰለት ይግዙ። ሲፈቱ ያወጡትን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርድሩ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ።

የተጣመመ ቸርኬ ማቃናትን በነገርዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሥራችን ሁሉ የምወደው እርሱ ነው። ግን በሚነዱት ጎማ ላይ አይማሩት። ከጠጋኝዎ የተጣለ አሮጌ ቸርኬ ይለምኑና በእርሱ ይለማመዱ። በቀኝ በኩል ያለውን ሽቦ ሲያጠብቁ ቸርኬው ወደ ቀኝ ይሳባል፣ በግራ ያለው ወደ ግራ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጡ። የፊት ሹካው ወይም የብስክሌቱ አካል ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን ቤትም ጠጋኝም አይደለም፤ ያንን ብስክሌት አይንዱት።

የልጅዎ ፔዳል ቀላሉ ነገር ነው። የግራ ፔዳል በተቃራኒ የሚጠብቅ ነው፤ እንደ ሌላው ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሲያዞሩት እያላሉት ነው። በቀኝም በግራም የሚሠራው ዘዴ መፍቻውን ከላይ ይዞ ወደ ብስክሌቱ ፊት ማዞር ነው፤ ሁለቱም በዚያ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ይላላሉ። መፍቻው 15 ነው። በዚህም ካልያዘ ሁለት ነገር ይመርምሩ። በፔዳሉ ብረት ጫፍ ላይ «ኤል» ወይም «አር» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጿል፤ «አር» የቀኝ ስለሆነ በግራ ከገባ ተሳስቷል። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። የአንዳንድ ልጆች ብስክሌት ፔዳል 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአብዛኛው አዋቂ ብስክሌት 14.3 ነው። ቀጭኑ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ምንም ቢያጠብቁት ይወልቃል። በማስመሪያዎ ሁለቱንም ይለኩ። ልኩ ትክክል ሆኖ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ የብሎን ጥርስ ከውስጥ ተበልቶ ከሆነ ፔዳል መቀየር አይረዳም፤ የግራውን ክንድ ይቀይሩ። ግራና ቀኙ አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ደግሞ ሙሉው ነው የሚቀየረው።